«ባውቅ ኖሮ»፦ ስለ አሮጌ የሬዲዮ ድራማዎች፣ ስለ ጊዜ ጉዞና ስለ ጸጸት

በአማርኛችን ውስጥ እንደ «ኖሮ» የከበደች ትንሽ ቃል ያለች አይመስለኝም። ብቻዋን ስትቆም ምንም አትል፤ ከግሥ ኋላ ስትገባ ግን የሆነውን እንዳልሆነ፣ ያልሆነውን እንደሆነ ታደርገዋለች። «ቀደም ብዬ ብመጣ ኖሮ»፣ «ባልፈርም ኖሮ»፣ «ያን ዕለት ከቤት ባይወጣ ኖሮ»። ይህችን ቃል የሚናገር ሰው ሁሉ ለአንዲት ቅጽበት በጊዜ ወደ ኋላ ይጓዛል። እዚያ ደርሶ አንዱን ይነቅላል፣ ሌላውን ይተክላል፤ ሲመለስ ግን ዛሬ እንደነበረች ሆና ትጠብቀዋለች።

ሐኪም ይህችን ቃል ከሌላው ሰው አብልጦ ይሰማታል። የሟች ቤተ ዘመዶች እንባቸውን ከጠረጉ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት «አንድ ሳምንት ቀደም ብለን ብናመጣው ኖሮ ይተርፍ ነበር ወይ?» ብለው ነው። ስደተኛም ከዚህች ቃል ጋር አብሮ አደር ነው። በዋሽንግተንም ሆነ በስቶክሆልም፣ በፍራንክፈርትም ሆነ በሪያድ፣ ሦስት አራት ኢትዮጵያውያን ቡና ከበው በተቀመጡበት ሁሉ ጨዋታው ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እርሷ ላይ ነው፦ ንጉሡ ሥልጣናቸውን በጊዜ ቢያስረክቡ ኖሮ፣ የተማረው ትውልድ እርስ በርሱ ባይበላላ ኖሮ፣ ያ ጦርነት ባይጫር ኖሮ።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ያለፈውን መለወጥ ቢቻል መለወጡ ተገቢ ይሆን ነበርን? የማይቻለውን መመኘትስ ለሰው ግብረ ገብ ምን ይፈይዳል፣ ምንስ ያጎድላል? «በማይሆን ነገር ላይ መፈላሰፍ ነፋስን መጎሰም ነው» የሚለኝ አንባቢ ሊኖር ይችላል። ሆኖም ጸጸት የሚባለው ነገር በሙሉ የቆመው በማይሆን ነገር ላይ ነው። ጸጸት ደግሞ ሰውን ሲያቃናም ሰውን ሲገድልም በሥራዬ ላይ አይቻለሁና፣ ጉዳዩን ከንቱ ብዬ ልተወው አልችልም።

ይህን ጥያቄ ከፍልስፍና መጻሕፍት ቀድመው በግልጽ ያቀረቡልኝ፣ እስከ ዛሬ ቅጂያቸው ተጠብቆ የሚገኝ የአሜሪካ የሬዲዮ ድራማዎች ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ኤንቢሲ የተባለው ጣቢያ ከ1950 እስከ 1951 «ዳይሜንሽን ኤክስ»፣ ከ1955 እስከ 1958 ደግሞ «ኤክስ ማይነስ ዋን» የሚባሉ ተከታታይ ዝግጅቶች ያስተላልፍ ነበር። ሁለቱም በሳይንስ ልብ ወለድ ላይ የተመሠረቱ፣ ግማሽ ግማሽ ሰዓት የሚወስዱ ነበሩ። ኧርነስት ኪኖይና ጆርጅ ሌፈርትስ የተባሉ ጸሐፊዎች በመጽሔት የወጡ አጫጭር ልብ ወለዶችን ለማይክሮፎን ያዘጋጁ ነበር፤ «ኤክስ ማይነስ ዋን» ከ«ጋላክሲ» መጽሔት ጋር በትብብር የሚሠራ ነበርና ብዙዎቹ ታሪኮቹ የተወሰዱት ከዚያ ነው። ተፎካካሪው ሲቢኤስም ኤች. ጂ. ዌልስ በ1895 ያሳተመውን የጊዜ ተጓዥ ልብ ወለድ «እስኬፕ» በተባለው ዝግጅቱ በ1948ና በ1950 አቅርቦታል። ይህ ዘመን እስከ 1962 መስከረም ዘለቀ፤ በዚያ ወር «ሰስፔንስ» የተባለው ዝነኛ ዝግጅት ለመጨረሻ ጊዜ ተሰማ፤ ሕዝቡም ፊቱን ወደ ቴሌቪዥን አዙሮ ነበር።

የጊዜ ጉዞ ታሪክ በዚያ ዘመን ሰሚ ያገኘው በአጋጣሚ አልነበረም። ሂሮሺማ ከነደደች ገና አምስት ዓመቷ ነው። ሶቪየት ኅብረት የመጀመሪያውን የአቶም ቦምብ የሞከረችው በ1949 ነሐሴ ላይ ነው። በ1950 የኮርያ ጦርነት ፈነዳ፤ በማግሥቱ ዓመት የእኛው የቃኘው ሻለቃም እዚያው ዘምቷል። የዓለም ፍጻሜ የጋዜጣ ወሬ በሆነበት በዚያ ወቅት አድማጩ ማታ ማታ ሬዲዮኑን ከፍቶ «ከዚህ ወደ ኋላ የሚመልስ መንገድ ይኖር ይሆን?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ሬዲዮም ለዚህ ጉዞ የተመቸ ነው። በመድረክ ላይ ወይም በፊልም ሦስት መቶ ዓመት ለመሻገር ብዙ አልባሳት፣ ብዙ ቀለም፣ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። በሬዲዮ ግን የአንድ ሞተር ድምፅና የሁለት ሴኮንድ ዝምታ ይበቃል፤ የቀረውን አድማጩ ይሠራዋል። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ ያዳመጠ ሰው ይህን ለማስረዳት እኔን አይጠብቅም፤ ማንኩሳን ረግጧት የማያውቀው ከተሜ ሁሉ ከአንድ ሰው ድምፅ ብቻ ማንኩሳን በልቡ ገንብቷታል።

ከተረኛነት ሌሊት ወደ ቤቴ ስመለስ እነዚህን ቅጂዎች በመኪና ውስጥ እየሰማሁ የምገረምበት ሌላም ነገር አለ። የሚናገሩት ተዋንያን አብዛኞቹ ሞተዋል። በ1956 ላይ ቆመው 1975ን ይፈራሉ፤ ለእኔ 1975 ያለፈ፣ የደረቀ ዘመን ነው። የእነርሱ ወደፊት የእኔ ኋላ ሆኗል። ፍርሃታቸው መሠረት እንዳልነበረው አውቃለሁ፤ ልነግራቸው ግን አልችልም።

ያ 1975 የሚነሣበት ድራማ «ታይም ኤንድ ታይም አጌን» ይባላል። ድርሰቱ የኤች. ቢም ፓይፐር ሲሆን በ1947 በመጽሔት ወጣ፤ በ1951 በ«ዳይሜንሽን ኤክስ»፣ በ1956 ደግሞ በ«ኤክስ ማይነስ ዋን» ተላለፈ። አለን ሃርትሊ የተባለ የአርባ ሦስት ዓመት ወታደር በ1975፣ በሦስተኛው የዓለም ጦርነት፣ በጽኑ ይቆስላል። ሲነቃ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሆኖ በአባቱ ቤት ተኝቷል፤ ቀኑም 1945 ነሐሴ 5 ነው። የሠላሳ ዓመት ትዝታው ግን አልጠፋም። ነገ ጠዋት ሂሮሺማ ላይ የሚሆነውን ያውቃል። ዛሬ ከሰዓት በኋላ አንድ ጎረቤታቸው «የታመመ ውሻ ልገድልበት» ብሎ መሣሪያ ሊዋስ እንደሚመጣ፣ ሚስቱንም በዚያው መሣሪያ እንደሚገድል ያውቃል።

ልጁ ስለ ሂሮሺማ የሚያደርገው አንዳች ነገር የለም። ለማን ይናገራል? የአሥራ ሦስት ዓመት የፔንሲልቬንያ ልጅ «ነገ አንድ ከተማ በአንድ ቦምብ ይጠፋል» ቢል አባቱ የሚጠራለት ሐኪም ነው። ነገር ግን ጎረቤቱ ከመምጣቱ በፊት ቀስ ብሎ ይገባና ከመሣሪያው ላይ ጥይቱን የምትመታውን ትንሽ የብረት መርፌ ይነቅላታል። ሴትየዋ ትተርፋለች።

ብዙ ሰው ይህን የሚያዳምጠው እንደ ብልሃት ነው፤ እኔ ግን ከብዙ ስብከት የሚበልጥ የግብረ ገብ ትምህርት አገኝበታለሁ። በዚያ ልጅ ራስ ውስጥ በአንድ ቀን ሁለት ዕውቀቶች አሉ፤ አንደኛው የአንድ ከተማ ሕዝብ ሞት፣ ሁለተኛው የአንዲት ሴት ሞት። በቁጥር ከተመዘነ ሁለተኛው ከመጀመሪያው አጠገብ አይቆምም። ሆኖም ግዴታው የተወሰነው በቁጥሩ ሳይሆን እጁ በሚደርስበት ርቀት ነው። ትልቁን ማዳን አልችልምና ትንሹን ለምን አድናለሁ አላለም። እኛ ስደተኞች ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ እንላለን፤ አገር ማዳን ያልቻልን ስለሆንን ጎረቤት ማዳኑን እንንቀዋለን።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ሃርትሊና አባቱ ግን ከዚህ ተነሥተው ታላቅ ውጥን ይወጥናሉ፤ በ1960 አባትየው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት እንዲሆን፣ ጦርነቱም እንዲቀር። አድማጩ ደስ ይለዋል። እኔ ግን እዚህ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ እጠራጠራለሁ። መርፌ ከመንቀል አገር እስከ መግዛት ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ በዚያ መንገድ ላይ የሚሄደው ሰው ደግሞ «የሚመጣውን እኔ አውቃለሁ» የሚል እምነት የያዘ ነው። እንዲህ ያለ ሰው የማንን ምክር ይሰማል? የሚቃወመውንስ እንደ ምን ይቆጥረዋል?

የዚህን ፍርሃት መልስ የሚሰጠው ሌላ ድራማ ነው። «ታርጌት ዋን» የተባለው የፍሬደሪክ ፖል ድርሰት በ1957 በ«ኤክስ ማይነስ ዋን» ተላለፈ። በአቶም ጦርነት ከወደመው ዓለም የተረፉ ጥቂት ሰዎች የጊዜ መሣሪያ ይሠራሉ። የመከራው ሁሉ ምንጭ አንድ ሰው ነው ብለው ይወስናሉ፤ አልበርት አይንሽታይን። ወደ ኋላ ሄደው፣ ገና ወጣት ሳለ፣ አንዳች ነገር ሳይበድል ሊገድሉት ይነሣሉ። የሚያገኙትም ዓለም የተመኙት ዓለም አይደለም።

በእነዚህ ሰዎች ላይ የምለው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው የሐኪም ነገር ነው፤ የበሽታውን መንሥኤ ስተዋል። አይንሽታይን የቁስና የኃይልን እኩልነት ያሳየው በ1905 ነው፤ ቦምቡ ግን ከዚያ ብቻ አልተወለደም። የዩራኒየምን አቶም የሰነጠቁት በ1938 መጨረሻ በበርሊን ኦቶ ሃንና ፍሪትዝ ሽትራስማን ናቸው። በ1939 ነሐሴ 2 ለፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የተጻፈውን ዝነኛ ደብዳቤ አይንሽታይን ይፈርምበት እንጂ ያረቀቀው በተለይ ሊዮ ዚላርድ ነበር፤ አይንሽታይን ራሱ ቦምቡ በተሠራበት ፕሮጀክት ውስጥ አልነበረም። አንድን ሰው ከታሪክ መንቀል የታሪክን ሥር መንቀል አይደለም። በሕክምናም ይኸው ነው። አንድ ሰው በልብ ድካም ሲሞት ቤተሰቡ አንዲት ቀን፣ አንዲት ክኒን፣ አንድ ክፉ ቃል ፈልጎ «ይህች ናት የገደለችው» ይላል፤ እኔ ግን የማየው የሃያ ዓመት የደም ግፊት፣ የድህነት፣ የሲጋራና የውርስ ክምር ነው።

ሁለተኛው ከዚህ ይከፋል። እነዚያ ሰዎች ንጹሑን ሰው ለመግደል ያበቃቸው ክፋት አይደለም፤ እርግጠኝነት ነው። የወደፊቱን አይተው የመጡ ናቸውና የአሁኑ ሰው ሕይወት በእነርሱ ዘንድ ገና ያልጸደቀ ረቂቅ ነው፤ ሊሠረዝ ይችላል። የእኔ ትውልድ ታላላቆች ይህን ዓይነት ሰው በሬዲዮ አላወቁትም፤ በአካል አውቀውታል። ከ1974 አብዮት በኋላ በአገራችን እርስ በርስ የተጫረሱት ወገኖች ሁሉ የታሪክን ሕግ አውቀናል፣ የነገውን ኅብረተሰብ አይተናል የሚሉ ነበሩ። ከነገ እንደመጡ መልእክተኞች ዛሬን ያዙ፣ በነገ ስምም ፈረዱ። የ1977ና የ1978 ቀይ ሽብር ላይ ብዙ ተጽፏል፤ እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ነገን በእርግጠኝነት አውቃለሁ የሚል ሰው የጊዜ መሣሪያ ባይኖረውም የጊዜ ተጓዡ አደጋ በሙሉ አለበት።

ከእነዚህ ድራማዎች ሁሉ ለስደተኛ ልብ የሚቀርበው ግን «ቱ ዘ ፊውቸር» የተባለው ነው፤ በ1950ና በ1955 በሁለቱም ዝግጅቶች ቀርቧል። የሬይ ብራድበሪ ድርሰት ነው። ባልና ሚስት ከ2155 ዓመት አምልጠው በ1938 ሜክሲኮ ውስጥ እንደ አገር ጎብኚ ተደብቀዋል። የሸሹት ከጦርነት ነው፤ ባልየው ቦምብ ይሠራ ነበር፣ ሚስትየው ደግሞ ለጦርነት የሚውሉ የበሽታ ተዋሲያንን ታራባ ነበር። መንግሥታቸው አሳዳጆች ይልካል፤ በመጨረሻም ይይዟቸዋል። ስደት በቦታ ብቻ ሳይሆን በጊዜም ቢሆን አሳዳጅ እንዳለው የገባው ደራሲ ነው። ባልና ሚስቱ ከክፉ ሥራ መሸሻቸው ትክክል ነበር፤ ሐኪም ነኝና የዚያችን ሴት ሥራ ትቶ ከመሄድ የበለጠ ምክንያት አይታየኝም። ሆኖም ጥለዋቸው የመጡት ሰዎች በዚያ ጦርነት ውስጥ ናቸው። የ1938 ሙዚቃና ርችት እየተደሰቱበት ሳሉ የሚያጠላባቸው ጥላ የአሳዳጁ ብቻ አይደለም።

የእኛም መጻሕፍት በጊዜ የተሻገረ ሰው አያጡም። ነቢዩ ኤርምያስን ከጉድጓድ ያወጣው ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ በተረፈ ባሮክ እንደሚተረከው፣ የኢየሩሳሌምን ጥፋት እንዳያይ ኤርምያስ ለመነለት። በለስ ሊያመጣ ሄዶ ከዛፍ ጥላ ሥር አንቀላፋ፤ ስድሳ ስድስት ዓመት ተኛ። ሲነቃ በቅርጫቱ ያለው በለስ እንደ ትኩስነቱ ነው፤ ከተማዋን ግን አላወቃትም፤ መንገድ የሳተ መሰለው። ከብዙ ዓመት በኋላ አገሩን ለማየት የተመለሰ ስደተኛ ሁሉ ይህን ሰው ያውቀዋል። የያዝነው በለስ ትኩስ ነው፤ የሰፈሩ ስም፣ የጓደኛ ቅጽል ስም፣ የዳቦ ቤቱ ሽታ። ሰፈሩ ግን የለም። ልብ በሉ፤ ለአቤሜሌክ የተሰጠው ጸጋ አለማየት እንጂ መለወጥ አልነበረም። ከተማይቱ ፈርሳለች፤ ሕዝቡም ተማርኳል። እርሱ የተማረው ዐይኑ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ልግባ። ታላቅ ወንድሜ በ1978 አንድ ምሽት ከቤት ወጥቶ አልተመለሰም። እናቴ ከዚያ በኋላ በኖረችባቸው ዓመታት ሁሉ የምትለው አንድ ነገር ነበር፦ «ያን ዕለት ዳቦ ግዛልኝ ባልለው ኖሮ»። ይህ ሲፈርስ ሲሠራ የኖረ «ኖሮ» ነው። እርሷ እንዳልበደለች እኛ ሁላችን እናውቃለን፤ እርሷም ታውቃለች። እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርናርድ ዊሊያምስ በ1976 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ያለ አንዳች ጥፋቱ ሕፃን የገጨ የጭነት መኪና ሾፌር የሚሰማውን ኀዘን ለይቶ አሳይቷል፤ ከተመልካች ኀዘን የተለየ ነው፤ ባይሰማውም ኖሮ በሾፌሩ ላይ አንድ ነገር የጎደለ ይመስለን ነበር። እናቴን ሳስብ ይህን አስባለሁ። «ጥፋትሽ አይደለም» ማለት እውነት ነው፤ ግን ለተነሣው ነገር መልስ አይሆንም። ያች ቃል የፍርድ ቃል አልነበረችም፤ የእናትነት ቃል ነበረች።

እንግዲህ የጊዜ መሣሪያው ተሰጠኝ እንበል። ያን ምሽት ብቻ ሳይሆን ያን ዘመን በሙሉ ላስቀረው እችላለሁ። ወንድሜ ይኖራል፤ የብዙ ሺህ እናቶች ልጆች ይኖራሉ። እኔም አገሬ እቀራለሁ። በባዕድ አገር አልማርም፤ ባለቤቴን አላገኛትም፤ ልጄም አትወለድም። ዴሪክ ፓርፊት የተባለው ፈላስፋ በ1984 እንዳስረዳው፣ እያንዳንዳችን በዚያች ቅጽበት ባንፀነስ የምንወለደው እኛ አይደለንም፤ ሌላ ሰው ነው። ከ1974 በኋላ በስደት የተወለደ የኢትዮጵያውያን ልጅ ሁሉ እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ያ መከራ ባልመጣ ኖሮ ብሎ የሚመኝ አባት፣ ሳያውቀው፣ አጠገቡ የቤት ሥራዋን የምትሠራው ልጁ ባልኖረች ኖሮ እያለ ነው። ይህን ላለማለት ቢፈልግ ደግሞ በወንድሙ ሞት የተስማማ ይመስላል።

ይህ ጨዋታ አይደለም። በዚህ መንታ መንገድ ላይ ቆመው የቀሩ ሰዎች አውቃለሁ። አንዳንዱ ለጠፋው ሲል ያለውን ይንቃል፤ ልጆቹ በቤቱ ውስጥ እንደ እንግዳ ያድጋሉ። አንዳንዱ ደግሞ ላለው ሲል የጠፋውን ይክዳል፤ «ሁሉ ለበጎ ነው» ይላል። ይህ ሁለተኛው አባባል ከመጀመሪያው የባሰ ይከብደኛል። ለማን ነው ለበጎ የሆነው? ሟች አልተጠየቀም። የተረፈ ሰው በሟች ስም ሒሳቡን ዘግቶ «ተመጣጥኗል» ሊል ሥልጣን የለውም።

እኔ የደረስኩበት ይህ ነው። ባለፈ ነገር ላይ መፍረድ አንድ ነገር ነው፤ ያለፈውን መሠረዝ መመኘት ሌላ ነው። ያ ግፍ ነበር፣ መሆን አልነበረበትም ስል፣ ስለ ሥራው እየፈረድሁ ነው፤ ፍርዴም የልጄን መኖር አይነካም። ልጄ በመኖሯ ደስ ይለኛል ስል፣ ስለ እርሷ እየተናገርሁ ነው፤ ደስታዬም ለገዳዮች ምሥጋና አይሆንም። ሁለቱን በአንድ ሚዛን ላይ እንዳስቀምጥ የሚያስገድደኝ የጊዜ መሣሪያው ነው፤ ያ መሣሪያ ደግሞ የለም። «ኖሮ» ስንል ይህ የሌለ መሣሪያ እንዳለ አድርገን ራሳችንን ዳኛ እናደርጋለን። ኀዘንና ፍቅር ግን ተቀናንሰው ዜሮ የሚመጡ ቁጥሮች አይደሉም፤ በአንድ ልብ ውስጥ ሳይታረቁ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። ሰውም እንዲህ ሆኖ ሙሉ ሰው ነው።

«ይህ የተረፈ ሰው መጽናኛ ነው» የሚል ይኖራል። መቃወሚያው ከባድ ነው፤ በቀላሉ አላልፈውም። ወንድሜ በሕይወት ቢኖር ኖሮ ምናልባት ከእኔ ጋር አይስማማም። ሆኖም እኔ ያልሁት ኀዘኑ ይቅር አይደለም፤ ኀዘኑ ያለ ማካካሻ ይቆይ ነው። የተጽናና ሰው እንዲህ አይናገርም።

ለመሆኑ ጸጸት ጥቅሙ ምንድን ነው? ባሩክ ፊሾፍ የተባለ የሥነ ልቡና ተመራማሪ በ1975 ባሳተመው ጥናት፣ የአንድን ነገር ፍጻሜ የተነገራቸው ሰዎች ካልተነገራቸው ይልቅ «ይህማ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር» ወደ ማለት እንደሚያደሉ አሳየ። አያቶቻችን ይህን ያለ ጥናት ያውቁት ነበር፤ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላሉ። ይሁን እንጂ ውሻው ዛሬ የጮኸው ጅቡ ነገ እንዳይመለስ ከሆነ ጩኸቱ ከንቱ አይደለም። ጸጸት ፊቱን ወደ ኋላ ብቻ ሲያዞር በሽታ ነው፤ አንገቱን ወደ ፊት የመለሰ ቀን ግን ጥንቃቄ ይባላል።

በሙያዬ ይህን በአንድ ታሪክ ማስረዳት እወዳለሁ። የፈንጣጣ ማጥፊያ ዘመቻ በኢትዮጵያ የተጀመረው በ1971 ነው። ረኀቡ መጣ፣ አብዮቱ መጣ፣ መንግሥት ተለወጠ፤ ከታቢዎቹ ግን ከመንደር መንደር፣ ብዙ ጊዜ በእግራቸው፣ መሄዳቸውን አላቆሙም። በእጃቸው የያዙት ጫፏ እንደ ሹካ ለሁለት የተከፈለች ትንሽ መርፌ ነበረች። በአገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የተገኘው በ1976 ነሐሴ ነው፤ በዓለም ላይ በተፈጥሮ መንገድ የተያዘው የመጨረሻው ሰው ደግሞ በማግሥቱ ዓመት ጥቅምት በሶማሊያ መርካ ተገኘ። በ1980 የዓለም የጤና ድርጅት በሽታው ከምድር መጥፋቱን አወጀ። ልብ በሉ፤ በዚያችው አገር፣ በዚያው ዘመን፣ አንዱ በነገ ስም ወጣት ሲገድል ሌላው መርፌ ይዞ የነገን ሞት ይነቅል ነበር። የመጀመሪያው ነገን አውቃለሁ ብሎ ነበር። ሁለተኛው ያወቀው ነገር ትንሽ ነው፤ ይህ ሕፃን ካልተከተበ ሊታመም እንደሚችል ብቻ።

የእነዚያ ከታቢዎች ሥራ ከሁሉም የጊዜ ጉዞ ታሪኮች ይበልጣል፤ ምክንያቱም ሆኗል። በፈንጣጣ ሊሞቱ የነበሩ፣ ያልሞቱም ሰዎች ዛሬ በመካከላችን ይሄዳሉ፤ ዐይናቸው ያልጠፋ፣ ፊታቸው ያልጠቆረ፣ ማን እንዳዳናቸው የማያውቁ ናቸው። ማንም «ያ ሰው ባይከትበኝ ኖሮ» ብሎ አያለቅስም። ያልደረሰ መከራ አመስጋኝ የለውም። የሃርትሊ ጎረቤት ሚስትም በዚያ ከሰዓት በኋላ ከምን እንደተረፈች በሙሉ አላወቀችም።

እንግዲህ ወደ ኋላ መመለስ ቢቻል ተገቢ ነበር ወይ ለሚለው ጥያቄዬ መልሴ ይህ ነው፤ አንዲት መርፌ ለመንቀል ቢሆን፣ አዎ፤ ዓለምን እንደ አዲስ ለመጻፍ ቢሆን ግን እጃችንን ልናምነው አይገባም። ሁለቱንም ለመለማመድ ደግሞ የጊዜ መሣሪያ አያሻንም። ዛሬ ለእኛ ዛሬ ናት እንጂ ለልጆቻችን ያለፈ ዘመን ናት። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ቡና ከብበው ተቀምጠው «ያኔ እንዲህ ቢያደርጉ ኖሮ» የሚሉባት፣ ሊመለሱባትም የሚመኟት ቀን ይህችው ናት። እኛ አሁን እዚያው ነን፤ ጎረቤታችንም መሣሪያውን ገና አልተዋሰም።